የጅዳ በር ጫማዎች

ባለፈው ማክሰኞ ወልድያ፣ ባንክ በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ሆን ብዬ አይደለም። ከመርሳ በመጣሁበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠ ሰው ጋር ስለ ማሽላ ዋጋ ስከራከር መጥቼ፣ ሐሳቤ እዚያው ክርክሩ ላይ እንዳለ የመስታወቱን በር ገፋ ሳደርገው ነጩ ሴራሚክ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። እግሬ ከኔ ቀድሞ አሰበ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፣ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙሬ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸውና በካልሲዬ ገባሁ። ጥበቃው ገና ጎረምሳ ነው፤ መጀመሪያ የማሾፍበት መስሎት ኮስተር አለ። በኋላ ግን ሽበቴን አይቶ ለሰለሰና «አባባ፣ ይሄ እኮ ባንክ ነው፣ መስጊድ አይደለም» አለኝ። «አውቃለሁ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኩት። «የምን ልማድ?» አለ። ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ከኋላዬ ሰው እየተጋፋ ስለነበር ወረፋ ያዝኩ። ልጄ ከዓረብ አገር የላከችልኝን ልቀበል ነው የመጣሁት። በካልሲ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ የሴራሚኩ ቅዝቃዜ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ጅዳን አመጣብኝ።

ጅዳ ስል የሳውዲውን ከተማ አይደለም። የኛ ጅዳ ከወልድያ ወደ መርሳ መውጫ ላይ፣ ቤቶቹ ሳስተው ማሽላው በሚጀምርበት ቦታ የቆመ የገበያ ማዕከል ነበር። ባለቤቱ ሐጂ እንድሪስ ጉልምስናቸውን ሳውዲ አሳልፈው ሲመለሱ፣ ሌላው ሰው ሆቴል ወይ መጋዘን ሲሠራ እሳቸው ሞል ካልሠራሁ አሉ። በሩ ላይ በትልቁ ያጻፉት የራሳቸውን ስም ነበር። ግን ስለ ህንፃው ባወሩ ቁጥር «ጅዳ እንዲህ ነው፣ ጅዳ እንዲያ ነው» ስለሚሉ ከተማው ስሙን ጅዳ ብሎ ቁጭ አለ። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ጅዳ! ጅዳ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ሁለት ብር ከፍለህ ጅዳ ትገባለህ፤ ፓስፖርት የለ፣ ደላላ የለ። አንዲት እናት «ልጅሽ የት ደረሰች?» ተብላ «ጅዳ ናት» ካለች፣ «የትኛው ጅዳ?» ማለት ደንብ ነበር። ግንበኞቹ «ሐጂ፣ መስኮቱን በየት በኩል እናውጣው?» ቢሏቸው «የምን መስኮት? ሞል መስኮት የለውም። ሰው ከገባ በኋላ ውጭውን መርሳት አለበት» ብለው በአራቱም ማዕዘን በግንብ ዘጉት። የብርሃን ነገር ለመብራት ኃይል ተተወ። እዚህ ላይ የወልድያ ሰው ሁሉ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ።

የምረቃው ዕለት ከሀብሩ ገጠር ሰው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሼህ ሁሴን የሚባሉ፣ በዱዓቸው የታወቁ አዛውንት ከውርጌሳ ድረስ በክብር ጋቢና ተቀምጠው መጡ፤ የደብሩ ቄስም ተጠርተው ነበር፤ ወልድያ ላይ ቤት የሚመረቀው በሁለቱም ነው። ሪባኑ ተቆርጦ በሩ ሲከፈት ሼሁ ከፊት ነበሩ። ደፉ ላይ ቆም አሉና ወለሉን አዩት። ያን የመሰለ ወለል ማንም አላየም፤ ጥምጣማቸው ውስጡ ይታይ ነበር። «ቢስሚላህ» ብለው በረባሷቸውን አወለቁ። ከኋላቸው የነበሩት ቄስ ሼሁን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ እሳቸውም አወለቁ። ከዚያ በኋላ ማን ሊቀር ነው? በሱፍና በከረባት የመጡት ባለሥልጣኖች ሳይቀሩ አወለቁ፤ የአንዱ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ ምረቃውን ሲከታተል ዋለ። ሐጂ ደንግጠው እየሮጡ መጡ። «ኧረ ሼሃችን፣ በጫማዎ ይግቡ! ጅዳ ማንም አያወልቅም!» አሉ። ሼህ ሁሴን ረጋ ብለው «እንድሪስ፣ የጅዳ ሰዎች ካላወለቁ እነሱ ይወቁበት። ይህ ወለል የእናትህ ቢሆን በጭቃ ትረግጠው ነበር?» አሏቸው። ሐጂ ትንሽ አሰቡ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ያን ለምረቃው ብለው የገዙትን የሚያብረቀርቅ ጫማ አወለቁ። የጅዳ ሕግ የወጣው እንዲህ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልሻረውም።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። እኔ ይመር፣ ጅዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ሱቅ የተከራየሁት ሰው፣ ጫማ ሻጭ ነኝ። ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በሚገባበት ህንፃ ውስጥ ጫማ ሻጭ! ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ ባለቤቴም ነፍሷን ይማርና በሕይወት ሳለች ሳቀችብኝ። ነገሩ ግን ተገልብጦ መጣ። ሰው ባዶ እግሩን ሲሆን ስለ እግሩ ያስባል። ወለሉ ይቀዘቅዘዋል፣ የጎረቤቱን ካልሲ ያያል፣ ከዚያ እኔ በር ላይ ይቆማል። ለማስለካት «እስቲ አውልቅ» ማለት የለ፣ ማሰሪያ መፍታት የለ፤ ተቀመጥ፣ አጥልቅ፣ ተነስ። ሸራ ጫማ በመቶ ሃያ፣ ለዒድ የሚሆን የቆዳ ጫማ በአራት መቶ፣ ለሕፃን ሲረገጥ መብራት የሚያበራ። ችግሩ አዲሱን ጫማ አድርጎ ለመውጣት እስከ በሩ በእጅ መያዝ ነበረበት። ስለዚህ ጅዳ ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ ጫማ ታቅፎ ሲሄድ ይታያል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሕፃን አስከታቢ ይመስል ነበር። ደረጃውማ የሙሽሮች ነበር። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱበት ይመጡ ነበር፤ ሙሽራው በሱፍና በካልሲ፣ ሙሽሪት ሒና በተቀባ እግሯ። ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያ ፎቶ ተሰቅሎ አይቻለሁ።

በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። የተሾሙት ሌባ ሊጠብቁ ነው፤ ሥራቸው ጫማ መጠበቅ ሆነ። ወታደር ናቸውና ጫማውን እንደ ጓድ አሰለፉት፤ አፍንጫ ወደ መንገድ፣ ተረከዝ ወደ ግንብ፣ የወጣ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲያጠልቅ። የዞረ ካገኙ ባለቤቱን አስጠርተው ያስተካክሉ ነበር። ባሏን ፈልጋ የመጣች ሴት ውስጥ ገብታ አትደክምም፤ ከበሩ ላይ ጫማውን ትፈልጋለች። ካየችው ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው «ጫማው ካለ ሰውየው አለ» ይሏታል። ስንት ባል በዚህ ተይዟል! ማኪያቶ እጠጣለሁ ብሎ ሥራ ጥሎ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አለቃው ከበሩ ላይ በጫማው ያገኘዋል። አንዳንዱ ብልጥ ጫማውን በፌስታል ይዞ ለመግባት ቢሞክር ጋሽ ታደሰ «አይ፣ ወይ አሰልፍ፣ ወይ ተመለስ» ይሉታል።

ፊት ለፊቴ የለምለም ሙዚቃ ቤት ነበር። ለምለም የቆቦ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከትግራይ መጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው፤ እናቷም ያኔ ቆቦ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ካሴት ሲቀር ሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መሙላት ጀመረች። መስኮት የሌለው ህንፃ ለሙዚቃ እንዴት እንደሚስማማ ሐጂም አላሰቡትም ነበር፤ አንድ አምባሰል ከታች ከጀመረ ላይ ድረስ ዞሮ ይመለሳል። ዓርብ ጠዋት መንዙማ፣ እሑድ ጠዋት መዝሙር፣ በቀረው ቀን ትዝታ። ማንም ሳይጠይቃት እንዲህ ብላ ከፋፈለችው። «ለምለም፣ ዛሬ ዓርብ መሆኑን በምን አወቅሽ?» እላታለሁ። «በአንቱ ጀለቢያ ነዋ አያ ይመር! ካልተተኮሰ ሐሙስ ነው፣ ከተተኮሰ ዓርብ» ትለኛለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንበራችንን ኮሪደሩ ላይ አውጥተን ሳምቡሳ እየገመጥን የሚያልፈውን ካልሲ እናማ ነበር። ባለቤቴ ስትሞት፣ ለምለም ለአርባ ቀን ሱቋ ውስጥ ሙዚቃ አልከፈተችም። ማንም አላዘዛትም። እኔ ራሴ ሄጄ «በቃ ልጄ፣ ክፈቺው» እስክላት ድረስ ዝም እንዳለች ቆየች። እህት የለኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አለኝ ስል ኖርኩ።

ጅዳ የወደቀችው በአንድ ቀን አይደለም፤ ጦርነቱ ነው የጣላት የሚሉ አሉ፣ ውሸት ነው። መጀመሪያ የጣላት መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ውስጡ የድስት ሆድ ይሆናል። ጀነሬተር ነበረ፤ ነዳጅ ሲወደድ ሐጂ ለዒድና ለገና ብቻ ያስነሱት ጀመር። እኛ በሞባይል ባትሪ እያበራን ቡናማውን ጥቁር፣ ጥቁሩን ቡናማ ብለን ሸጥን። በጎን ደግሞ መናኸሪያው አካባቢ በራቸው ወደ መንገድ የተከፈተ ሱቆች እንደ አሸን ፈሉ። ሰዉ በጫማው ገብቶ በጫማው ይወጣል፣ ፀሐይ አለው፣ ባጃጅ ደጁ ድረስ ይመጣል። ሙዚቃውንም ሰው በስልኩ ማውረድ ጀመረና ለምለም ፍላሹን ትታ የስልክ ሽፋን መሸጥ ያዘች። ከላይ ያሉት ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። ያም ሆኖ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ በሩ ላይ ያለው የጫማ ሰልፍ ያስደስት ነበር።

ያ ቀንም ማክሰኞ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ያካፋል፣ መብራት የለም። ከሰሜን በኩል ሲጉረመረም የሰነበተው ነገር ያን ዕለት ረፋድ ላይ ቀረብ ብሎ ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ግንቡ ተንቀጠቀጠ። መስኮት የለምና ውጭ ምን እንዳለ የሚያይ የለም። ሁሉም በጨለማ ወደ በሩ ሮጠ፤ በሩ ላይ ደግሞ የዚያ ሁሉ ሰው ጫማ ተሰልፏል። ጋሽ ታደሰ «በተራ! በተራ!» ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው! እግር ያገኘውን አጠለቀ። ግራው ሸራ ቀኙ ሲሊፐር የሆነ፣ ሁለቱም የቀኝ የሆነበት፣ የልጁን አድርጎ ተረከዙ ውጭ የቀረበት። እኔ ስወጣ ለምለም ቀድማኝ ወጥታ ጎዳናው ላይ ናት፤ እግሯ ላይ የኔን ቡናማ የቆዳ ጫማ አየሁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ መርሳ ይጎርፋል፤ እሷ ብቻ ወደ ሰሜን ዞራለች። «ለምለም! ወዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ ጋ! አያ ይመር፣ ጫማዎን አድርጌብዎታለሁ!» አለች። ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ተመለሽ፣ መንገዱ አደገኛ ነው፣ እባክሽ ልል እችል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «አድርጊው!» ብቻ ሆነ። ሰው በመሐላችን ገባና አጣኋት።

ወደ በሩ ስመለስ የቀረው አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ የለምለም ቀይ ጫማ፣ አጭር ተረከዝ፣ ፊቱ ላይ ቢራቢሮ የምትመስል ጌጥ ያለው። ጋሽ ታደሰ አንስተው ሰጡኝና «ያዝላት» አሉኝ። እግሬ አይገባበትም። ሱቄ እስከ ጣራው ጫማ ሞልቶት፣ በዚያ ጨለማ ተመልሶ የሚገባ ወንድ የለምና፣ ባዶ እግሬን የሴት ጫማ በኮት ኪሴ ይዤ የመርሳን መንገድ ተያያዝኩት። አብሮኝ የሚሄድ አንድ ገበሬ አዘነልኝና «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጫማ ነጋዴ» አልኩት። ያ ሰውዬ በዚያ ጭንቅ ውስጥ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መርሳ ስንደርስ ደግሞ የጅዳ ሰው በሙሉ እዚያ ነበር፤ እርስ በርስ የሚተያየው እግር እግሩን ነው። «ወንድሜ፣ ያ የግራህ የኔ ነው!» «የአንተ ከሆነ የኔ የት አለ?» ሐጂ እንድሪስ ራሳቸው ሮዝ የላስቲክ ጫማ አድርገው፣ በዚያ ላይ ጢማቸው ተንዠርግጎ፣ ሰላም ሲሉኝ አለቀስኩም ሳቅኩም። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም አልፈን ሄድን። ስልኬ እዚያው መንገድ ላይ ጠፋ፤ የለምለም ቁጥርም አብሮት።

ብርዱ ሲገባ ተመለስን። የጅዳ በር መስታወት ረግፏል፣ ሱቆቹ ተገልብጠዋል። እኔ ለማሳያ የምደረድረው የግራውን ብቻ ነበር፤ ቀኙን ከኮርኒሱ በላይ ነው የማስቀምጠው፣ ሌባ ለአንድ እግር ብሎ አይሰርቅም ብዬ። የወሰደው ሰው ግን በጥድፊያ ያን ሁሉ ግራ ግራ ጠርጎ ሄዷል። ያ ሰው ዛሬም ግራ ተጋብቶ ይኖራል ብዬ እስቃለሁ። ሐጂ «ወላሂ፣ መስታወት ይገዛል፤ ሰዉ ይምጣ ብቻ» አሉና፣ በወሬ በወሬ ተጠራርተን አንድ ጠዋት በሩ ላይ ተሰበሰብን። ሁሉም የሰው ጫማ ይዞ መጥቶ ነበር። ጋሽ ታደሰ የተሰበረውን መስታወት ጠርገው ጫማውን አሰለፉት፣ አፍንጫ ወደ መንገድ። ሰው የራሱን እያነሳ፣ እየተቃቀፈ፣ እየተሳደበ ያለቅሳል። «አንቺ ነሽ የኔን ያደረግሽው! እንዴት አሳምረሽ ተጫማሽው!» እየተባባለ ያ ደጅ ሠርግ ሆነ። እኔ ቀዩን ጫማ አስቀምጬ ዋልኩ። ማንም አላነሳው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከግንቡ ሥር ብቻውን ቀረ።

ጠይቄያለሁ። ከቆቦ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ። አንዱ ከእናቷ ጋር ወደ ሰሜን አልፋለች አለኝ፤ ሌላው ያን መንገድ የያዘ አልተረፈም አለኝ። ልጄ በስልክ «አባቴ፣ ይተውት፣ ጫማውን ለሰው ይስጡት» ስትለኝ ተቆጣሁ። ለምለም «ነበረች» ሲባል አልወድም፤ «ናት» እያልኩ ነው የኖርኩት። ጅዳ ዳግም አልተነሳችም። ሐጂ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ለሲሚንቶ መጋዘን አከራዩት፤ ያ ወለል ላይ አሁን የጭነት ሠራተኛ በቦት ይመላለስበታል፣ ጋሽ ታደሰ ይህን እንዳያዩ ሲሪንቃ ልጃቸው ጋር ገብተዋል። እኔም መርሳ ወርጄ ገበያው አጠገብ አነስተኛ ሱቅ ከፈትኩ፣ በሯ ወደ መንገድ ነው፣ ሰው በጫማው ይገባል። ቀዩ ጫማ ግን መደርደሪያው ላይ አለ። ለዒድም ለፋሲካም ቀለም እቀባዋለሁ። የሚገዛ ሲጠይቀኝ «ባለቤት አለው» እላለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ባንኩ ውስጥ በካልሲ ቆሜ ሳመነዥክ ተራዬ ደረሰ። ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ጥበቃው በሳቅ ሊሞት ደርሷል። «አባባ፣ ነገሩ ይተላለፋል እንዴ? ይኸው ሌላ ሰው አሲዘውብኛል!» አለ። ወደ ግድግዳው ሥር አየሁ። ከኔ ጫማ ጎን ጥቁር የሴት ጫማ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ወደ መንገድ፣ ተረከዙ ወደ ግንብ።

ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ደረጃው ላይ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት በባዶ እግሯ ተቀምጣ ነበር፤ ከስታለች፣ ፀጉሯ ከፊት በኩል ነጭ ጣል ጣል አድርጓል።

«አያ ይመር» አለች፤ «ካልሲዎ ዛሬም ተበስቷል?»

«ለምለም» አልኩ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ይዤ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ጥበቃው ሳቁን አቁሞ ዞር አለ።

ከአላማጣ ጠዋት እንደመጣች፣ ጅዳ ሄዳ ሲሚንቶ ብቻ እንዳገኘች፣ እዚያ ያሉት ጫኞች ይመር የሚባል እንደማያውቁ ነገረችኝ። ተስፋ ቆርጣ ወደ መናኸሪያው ስትሄድ ነው ባንኩ በር ላይ ጫማ ያየችው። «ወልድያ ውስጥ ባንክ ሲገባ የሚያወልቅ ማን ይኖራል? አፍንጫቸው ወደ መንገድ መዞሩን አየሁ። ጫማው ካለ ሰውየው አለ አልኩና የራሴን አውልቄ ተቀመጥኩ።»

«እናትሽስ?» አልኳት፣ እየፈራሁ።

«አሉ! አርጅተው፣ ጆሯቸው ደክሞ፣ እየተቆጡኝ አሉ። የአንቱን ጫማ አድርጌ ደርሼባቸው፣ በዚያው ጫማ አዝዬ አወጣኋቸው። ጫማው ግን አለቀ አያ ይመር። ሶሉን በሽቦ አሰርኩት፣ በላስቲክ አሰርኩት፣ በመጨረሻ የለም። ይቅር በሉኝ።»

«እንኳን አለቀ!» አልኳት። «የእኔን ካጠፋሽው የአንቺን ግን መርሳ አስቀምጬልሻለሁ። ቀዩን። ባለፈው ዒድ ነው ቀለም የቀባሁት።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ቢራቢሮዋ አለች?»

«አንድ ክንፏ ወልቋል። ሌላው አለ።»

«እንሂዳ! ምን እንጠብቃለን?» ብላ ብድግ አለች። እኔም ተነሳሁ። እኩል እያወራን፣ እሷ ስለ እናቷ፣ እኔ ስለ ሐጂ ሮዝ ጫማ፣ እየሳቅን ደረጃውን ወረድን፣ አስፋልቱን ተሻገርን፣ የመርሳው ሚኒባስ ረዳት በሩን ከፈተልን። ከኋላችን የሆነ ሰው ሲጮህ ሰማንና ዞርን። ጥበቃው ነው፤ አራት ጫማ በሁለት እጁ ይዞ በመኪና መሐል እየሮጠ ይመጣል።